የገዳሪፍ ዋልካ

ከመተማ ዮሐንስ በገላባት በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ የሚዘልቅ መንገደኛ ብዙ ቦታ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ዛፍ ያጣል። ጥቁሩ ዋልካ ክረምት ሲገባ ማሽላና ሰሊጥ ይለብሳል፤ ለአረሙና ለአጨዳው ከእኛ ወገን በየዓመቱ ወጣቶች ሲሻገሩ ኖረዋል። እንግሊዞች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ እዚያው ገዳሪፍ፣ ጋደምባሊያ ላይ ትራክተር ያስገቡት በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ጦራቸው ቀለብ ፍለጋ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ እርሻው ግን እየሰፋ ሄደ።

ስለ ኦርጋኒክ እርሻ ሳስብ የሚመጣብኝ ይህ ሜዳ ነው። አብዛኛው ማሳ ለረጅም ዘመን የፋብሪካ ማዳበሪያ ብዙም ሳይነካው ታርሷል፤ ሆኖም ተራቁቷል። ኬሚካል አለመጨመር ብቻውን መሬት አያድንም። ማሽላ በማሽላ ላይ እየዘሩ፣ የወሰዱትን ሳይመልሱ መኖርም ይገድለዋል።

አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የሚበረታው እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ነው። ማሽላ ምግብ ሲያጥራት ከሥሯ አንድ ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ፎስፈረስ የሚያቀብሏትን የአፈር ፈንገሶች መጥሪያዋ ነው። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየው የአቀንጭራ ዘርም በዚያው ጥሪ ይነቃል፤ ሥሯ ላይ ተጣብቆ ይመጣታል። ሐምራዊ አበባው ከመሬት በላይ ሲታይ ጉዳቱ ከሥር ደርሷል። እርዳታ ፍለጋ የተጣራችው ጠላቷን ቀሰቀሰች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ የተራበውን አፈር የማብላቱ ዕዳ ግን አሁንም አለብን።

ሳይንሱም ወደዚህ እየመጣ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጎን ለጎን የታረሱ ማሳዎች ውጤት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሲታተም፣ የኦርጋኒኩ ምርት በ20 በመቶ ቢያንስም የማዳበሪያና የኃይል ፍጆታው ከ34 እስከ 53 በመቶ ቀንሶ፣ አፈሩም በሕይወት ተሞልቶ ተገኘ። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከገበሬው ጋር ሆነው ኮምፖስት የገባበትን ማሳ ምርት እየመዘኑ አሳይተዋል።

የሱዳን ገበሬ ከዚህ ሁሉ በፊት ጥቂት ዓመት ዘርቶ፣ ማሳውን ሙጫ ለሚሰጠው ለሀሻብ ግራር ይለቅ ነበር። ዛፉ አፈሩን ሲያድስ ገበሬው ሙጫውን ይሸጣል። ለአጭር ጊዜ መሬት የተከራየ ሰው ግን ሀሻብ አይተክልም፤ ሙጫው እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከአፈሩ ናሙና ጋር የመሬት ውሉን ዘመንም ቢያጠኑ እመኛለሁ።