ገበና ለማን ይነገራል?

ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው፤ ይህን ከእናት ጡት ጋር ጠብተን ነው ያደግነው። ጭንቅ ለነፍስ አባት ይነገራል፣ ለታላቅ ወንድም ይነገራል፣ ካልሆነም ሆድ ይቻለው ይባላል። ታዲያ አንድ ሰው በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጦ «እኔን መጠጥ አሸንፎኛል» ሲል ብንሰማ ምን እንላለን? «ምነው ጉዱን አደባባይ አሰጣው!» ለማለት የምንቸኩል ብዙዎች ነን።

እስቲ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። የጠጪን ነገር ምስጢር ነው ለማለት እኮ ያስቸግራል። ጎረቤት ያውቃል፤ ባለሱቁ ያውቃል፤ ልጆቹ ከእግሩ ኮቴ ይለዩታል። ሚስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ደውላ «ራሱን አሞታል» ስትል፣ ስልክ ያነሳውም «እግዜር ይማረው» ሲል፣ ሁለቱም እውነቱን አያጡትም። የተደበቀ ነገር የለም፤ ያለው ሁሉም ተስማምቶ የተሸከመው ውሸት ነው።

መሸፈንና መደበቅ ለየቅል ናቸው። የምንሸፍነው ለሰውየው ብለን ነው፤ የምንደብቀው ለስማችን ብለን ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ለሁለተኛው ይመስለኛል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ደላላ ለሥራ ወደ አክረን፣ ኦሃዮ ሄደ። መጠጥ ከተወ ገና ወራት ነበር። ሥራው ሳይሳካለት ቀረና ያረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤት ይጠራው ጀመር። ያን ጊዜ ስልክ አንስቶ እንደሱ መጠጥ ያሸነፈው ሰው እንዲያገናኙት ለመነ። ያገናኙት ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ነበር። ሐኪሙ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው ማኅበር የልደት ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ልብ በሉ፤ ዊልሰን የሄደው ሌላውን ሊመክር ሳይሆን ራሱ እንዳይጠጣ ነው። ምጽዋት ሰጪና ተቀባይ አልነበሩም፤ ሁለቱም ችግረኞች ነበሩ። መካሪው ከላይ፣ ተመካሪው ከታች የሚሆንበት የእኛ ሽምግልና ይህን አያውቀውም።

ዛሬ ስብሰባው ወደ 180 በሚጠጉ አገሮች ይካሄዳል። መግቢያው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለመተው መፈለግ። ክፍያ የለም። የአባት ስም የሚጠይቅ የለም። መናገር ያልፈለገ አዳምጦ ይወጣል። የሚገቡት ቃል ለዕድሜ ልክ አይደለም፤ ለዛሬ ነው። ስለት ተስሎ፣ በግዝት ታስሮ፣ በሳምንቱ የፈረሰበት ሰው የዚህ ጥቅሙ ይገባዋል። አንዱ ቡድን ያልተስማማው ሌላ ይሞክራል፤ ስለ አምላክ መነገሩ የከበደውም ሃይማኖት የማይነሳባቸው ሌሎች ቡድኖች አሉለት። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ 27 ጥናቶችን መርምሮ፣ ሰውን ወደነዚህ ስብሰባዎች በሥርዓት የሚመራ ሕክምና ከመጠጥ ፈጽሞ በመራቅ ረገድ ከሌሎቹ የምክር ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳለው አግኝቷል። ይሁንና ስብሰባው ሐኪምን አይተካም፤ ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድሞ ሕክምና ያስፈልገዋል።

«በሽተኛ ነው ካላችሁማ ጥፋቱ ተሰረዘለት ማለት ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የተደበደበች ሚስትና የትምህርት ቤት ክፍያው የተጠጣበት ልጅ ቢጠይቁት ደግሞ የበለጠ ተገቢ ነው። የማኅበሩ አሥራ ሁለት ደረጃዎች መልስ አላቸው። በስምንተኛው የበደላቸውን ሰዎች ይዘረዝራል፤ በዘጠነኛው፣ እነሱን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ሄዶ ይክሳል። በሽታው ሰበብ አልሆነውም፤ ዕዳው እንዳለ ነው። ተበዳዩ ግን ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም። ካሳ የይቅርታ መግዣ አይደለም።

እዚህ ጋ የእኛም ዕዳ ይመጣል። «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል ሰላምታ በማያልቅበት አገር ያለ አባት ስም መቀመጥ ቀላል አይደለም። ስብሰባ ላይ የተሰማ ነገር ለቡና ወሬ ከዋለ ሁለተኛ የሚመጣ አይኖርም። የጽዋው፣ የሰርጉ፣ የተዝካሩ ጠላስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥንም ከልክሏል። «በሞቴ! አንዲት ብቻ!»ን ግን አዋጅ አይከለክለውም። የሚተወው ባለቤቱ ነው። በሞታችን የምናስጠጣው ሰው የሚሞተው እኮ በራሱ ሞት ነው።

ስለዚህ መጠጥ የተወ ሰው ቤታችን ሲመጣ «ምነው፣ አመመህ?» አንበለው። ውሃ ቀድተን እናስቀምጥለት። ማክሰኞ ማታ ወዴት እንደሚሄድ አንጠይቀው፤ ሲመለስ ራቱን እናቆየው። መሸፈን ማለት ይኼ ነው።