ባርኮዱን ማን ጻፈው?

የእህቴ ልጅ፣ ጅዳ ከገባሽ ወዲህ ያየሽው ሰው ሁሉ «ባርኮዱን አሳዪ»፣ «ባርኮዱን ስካን አድርጊ» ይልሻል። ምግብ ቤት ብትገቢ የምግቡ ዝርዝር በእሱ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ ኢቃማሽ፣ አብሸር በሚባለው የመንግሥት አፕ ውስጥ ሲከፈት አብሮት አለ። ከሱለይማኒያ ጣቢያ በሐረመይን ባቡር ወደ መካ ስትሄጂም ትኬትሽ እሱ ነው። «አጎቴ ሸምግሏል፣ ስለዚህ ነገር ምን ያውቃል» እንዳትዪ። እዚህ አገር የሸመገለ ሰው ብዙ ልጆች ሲታለሉ አይቷል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ። ዓመቱን በፈረንጅ ብቆጥር አትታዘቢኝ፤ እዚህ ሁሉ ነገር በእሱና በሂጅራ ነው።

ይሄ አራት ማዕዘን ዝንጉርጉር፣ ኪውአር ኮድ የሚሉት፣ በ1994 ጃፓን ውስጥ ነው የተሠራው። የሠራው ማሳሂሮ ሃራ የሚባል፣ ዴንሶ የተባለ የመኪና ዕቃ ኩባንያ መሐንዲስ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ነው፤ ያሰቡት የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር ነበር። የድሮው ባለ መስመር ባርኮድ 20 ያህል ፊደልና ቁጥር ብቻ ይይዝ ስለነበር ፋብሪካው አልበቃውም። መስመሩ ወደ ጎን ብቻ ሲነበብ ይሄኛው ወደ ጎንም ወደ ታችም ይነበባል፤ ትልቁ ከ7,000 በላይ አሃዝ ይሸከማል። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ማንም እንዲጠቀምበት ስለተወው ነው ዓለምን ያዳረሰው።

በሦስቱ ጥግ ያሉትን ትላልቅ ካሬዎች ልብ ብለሽ እዪ። ስልኩ ኮዱ የት እንዳለና በየት በኩል እንደዞረ የሚለየው በእነሱ ነው። በአንዱ ካሬ መሐል መስመር ብታሰምሪ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ይመጣል፤ ስፋታቸውም 1፣ 1፣ 3፣ 1፣ 1 ነው። እነ ሃራ በራሪ ወረቀቱንም መጽሔቱንም ካርቶኑንም አገላብጠው፣ በሌላ ኅትመት ላይ እምብዛም የማይገኝ ልክ ይሄ መሆኑን አይተው ነው የመረጡት። ጽሑፉ ደግሞ ከነመጠባበቂያው ይጻፋል፤ እንደ አሠራሩ ከ7 እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ስለዚህ የካርድሽ ባርኮድ ትንሽ ቢፋቅ አትደንግጪ። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ጠርዝ ግን በምንም አትሸፍኚው። መካ ፀሐይ ላይ ከስልክሽ ስታሳዪም የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጊው።

አንቺ አልደረስሽበትም እንጂ እኛ ቀዬ ደብዳቤ ሲመጣ ፊደል የቆጠረ ልጅ ተጠርቶ ነበር የሚነበበው። ልጁ የተጻፈውን ያነባል፤ እውነት ይሁን ውሸት የሚያውቀው የጻፈው ነው። ስልክሽም እንደዚያ ልጅ ነው፤ አነበበልሽ ማለት እውነት ነው ማለት አይደለም። ባርኮድ ባየሽ ቁጥር መጀመሪያ «ማን ጻፈው?» በዪ።

ይሄን የምትለማመጂው በባቃላ ደረሰኝ ነው። ከ2021 ዲሴምበር ጀምሮ ግብር ከፋይ የሆነ ሱቅ ሁሉ ለሸማች በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ ይሄን ኮድ እንዲያትም ግዴታ አለበት። በስልክሽ ካሜራ ብታነቢው በ«ኤ» የሚጀምር፣ ትርጉም የለሽ የሚመስል የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ይወጣል። ቫይረስ አይደለም። የሻጩ ስም፣ የግብር ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ጠቅላላ ሒሳቡና ታክሱ ታጥፎ ነው። የዘካ፣ የግብርና የጉምሩክ ባለሥልጣን አፕ ሲያነበው ዘርግቶ ያሳይሻል። የግብር ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው፤ በ3 ጀምሮ በ3 ያልቃል። ታክሱ ከ2020 አጋማሽ ወዲህ 15 በመቶ ስለሆነ 115 ሪያል ከከፈልሽ 15ቱ ታክስ ነው። ማዳምሽ ገበያ ስትልክሽ ደረሰኙን አትጣዪ። «መልሱ ጎደለ»፣ «ቆየሽ» ቢመጣ ሒሳቡም ሰዓቱም እዚያ ላይ አለ፤ ከአንቺ መሐላ ይልቅ እሱ ይሰማል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። የሐጅ ወር ሲቃረብ ደላሎች ዋትስአፕ ላይ ይነሳሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ አገር ቤት ማንም የማያምነው ሰው እዚህ «ሚኒስቴር ውስጥ ሰው አለኝ» ይልሻል። ማኅተም ያለበት፣ ስምሽና ፎቶሽ ያለበት ተስሪህ፣ የሐጅ ፈቃድ ማለት ነው፣ ይልክልሻል፤ ከታቹ ባርኮድ አለው። በስልክሽ ብታነቢው አረንጓዴ ምልክት ያለበት ገጽ ይከፈታል፤ ደስ ይልሻል። ገጹን ግን የሠራው ራሱ ደላላው ነው። ባርኮድ ማተም በነፃ፣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወደ መካ መግቢያ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ በአንቺ ስልክ አያነብም፤ በራሱ መሣሪያ መዝገቡን ይጠይቃል። መዝገቡ ላይ ከሌለሽ የደላላው ወረቀት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ቅጣቱንም ስሚ። በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ እስከ 20,000 ሪያል እንደሚቀጣ ታውጆ ነበር። በዚያው ዓመት ከኤፕሪል 23 ጀምሮ የመካ ኢቃማ፣ በቅዱሳን ቦታዎች የሥራ ፈቃድ ወይም የሐጅ ፈቃድ የሌለው ነዋሪ መካ እንዳይገባ ተከልክሏል። ቅጣቱ ቀላሉ ነው። በ2024 ሐጅ መካ ላይ ሙቀቱ 51 ዲግሪን ያለፈበት ቀን ነበር፤ 1,301 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ 83 በመቶው ፈቃድ የሌላቸው፣ ጥላና ማረፊያ አጥተው ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ እንደነበሩ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ድንኳኑም አውቶቡሱም ለተመዘገበ ሰው ነዋ። ሐጅ ለቻለ ሰው ነው የተደነገገው፤ ለእኔ ፈቃድ ማጣትም አለመቻል ነው። አላህ ልብሽን ያውቃል።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ለዑምራም ለሐጅም ኑሱክ የሚባለውን የመንግሥት አፕ ራስሽ ከፕሌይ ስቶር አውርጂ፤ ሰው በላከልሽ ሊንክ አትግቢ። ፈቃድ ካለሽ እዚያው ታዪዋለሽ፤ እዚያ ከሌለ የትም የለም። በ2024 የጀመረው የኑሱክ ካርድ ከተሰጠሽም አንገትሽ ላይ አድርጊው እንጂ ፎቶ አንስተሽ ለጓደኛ አትላኪ። ብትጠፊ ማን እንደሆንሽና የት እንዳረፍሽ አስተናጋጆቹ የሚያውቁት ባርኮዱን አንብበው ነው።

በስልክ የሚመጣው ሌላው ተንኮል ደግሞ ከሞቀ ቤትሽ ያገኝሻል። ዋትስአፕ በኮምፒውተር የሚከፈተው ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ባርኮድ በስልክ በማንበብ ነው። አጭበርባሪው የራሱን ኮምፒውተር ይከፍትና ያንን ባርኮድ ይልክልሻል፤ «ለደመወዝ ምዝገባ ነው፣ ዋትስአፕሽን ከፍተሽ በሌላ ስልክ ካለው ፎቶ ላይ አንብቢው፣ ቶሎ በዪ» ይልሻል። የሚያጣድፍሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ስለሚቀያየር ከዘገየሽ ይበላሽበታል። አነበብሽ ማለት ደብዳቤሽን ሁሉ ለእሱ ከፈትሽ ማለት ነው። ከዚያ በአንቺ ስም ለእናትሽ «ታስሬያለሁ፣ ሽሜሲ ነኝ፣ ገንዘብ ላኩ» ብሎ ይጽፋል። እናትሽ ስምሽን አይታ በሬዋን ትሸጣለች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማንም «ቶሎ» ካለሽ ስልኩን አስቀምጪና ውሃ ጠጪ። ለጥንቃቄ ዋትስአፕ ውስጥ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን በየጁምዓው እዪ፤ የማታውቂው መሣሪያ ካለ ነክተሽ አስወጪው። እናትሽንም ዛሬውኑ ደውለሽ «ገንዘብ ላኩ ካልኩ ድምፄን ሳትሰሙ አትላኩ» በያት።

የቀረው ትንሽ ነው። ለእረፍት አገር ቤት ስትገቢ ሱቁ ሁሉ የቴሌብር ባርኮድ ለጥፏል። ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር፤ በባለሱቁ ባርኮድ ላይ ሌላ ሰው የራሱን ሊለጥፍበት ይችላል። ካነበብሽ በኋላ የሚመጣውን የተቀባይ ስም ለባለሱቁ ጮክ ብለሽ ሳታነቢለት ፒንሽን አትምቺ።

የአውሮፕላኑ ቦርዲንግ ፓስ ላይ ያለው ዝንጉርጉርም ስምሽንና የቦታ መያዣ ቁጥርሽን ይዟል። እሱን ፎቶ አንስተሽ ቲክቶክ ላይ ከለጠፍሽው የማታውቂው ሰው በስምሽና በቁጥሩ ገብቶ ጉዞሽን ሊነካካ ይችላል። ኤርፖርት ላይ ፎቶ ካማረሽ የዘምዘም ካርቶንሽን ይዘሽ ተነሺ።