ከዒሻ በኋላ የማያቸው ፊልሞች



ውድ አንባብያን! በዚህ ገጽ ላይ ስንጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ሌሎች ጥፋት ነው። ዛሬ ግን ስለ ራሴ ልጽፍ ተነስቻለሁ። አላህ (ሱ.ወ.) የሸፈነለትን ጥፋት ራሱ ገልጦ የሚያወራ ሰው በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተወቀሰ መሆኑን አልዘነጋሁም። ይሁንና የእኔ ጉዳይ ከተሸፈነበት ወጥቶ ልጄን ስለነካ ዝም ልል አልቻልኩም።

አስፈሪ ፊልም እወዳለሁ። ያውም ብዙ ሚሊዮን የፈሰሰበትን ሳይሆን ርካሹን። ጭራቁ ዞር ሲል የልብሱ ዚፕ የሚታይበትን፣ ደሙ ቀለም መሆኑ የሚያስታውቀውን፣ ተዋናዩ ቢላዋው ሳይደርስበት የሚወድቅበትን። ፍቅሩ የያዘኝ በልጅነቴ፣ መርካቶ ውስጥ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። ከቁርኣን ቤት ስወጣ ሳንቲሜን ከፍዬ አግዳሚው ላይ እቀመጥ ነበር። ህንዳውያኑ የራምሴይ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1984 የሠሩትን «ፑራና ማንዲር» ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። በዚያ ፊልም ጭራቁ የሚሸነፈው በሺቫ ባለ ሦስት ጥርስ ጦር ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት ሱረቱል ፋቲሓን ሲቀራ የነበረው ልጅ፣ የጣዖቱ ጦር ቶሎ እንዲደርስለት በልቡ ይማጸን ነበር። ያኔ ይህ አልታየኝም፤ አሁን ሳስበው ግን ጀርባዬን ይቀዘቅዘኛል።

የእነዚህን ሰዎች ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» የተሰኘውን ፊልም ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በ114,000 ዶላር ገደማ ሠራ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር፤ የተነሱት ሙታን የሚበሉት «የሰው ሥጋ» ደግሞ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ። (የትኛው ይበልጥ እንደሚቀፍ ለአንባቢ ትቻለሁ።) አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ሲቀይር የባለመብትነቱን ማስታወቂያ ሳይጽፍ በመቅረቱ ፊልሙን ማንም እየቀዳ ሸጠው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው «ሃሎዊን» ነፍሰ ገዳዩ የሚያጠልቀው ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ የተገዛ፣ የአንድ ቴሌቪዥን ተዋናይን ፊት አስመስሎ የተሠራ ጭምብል ነው፤ ነጭ ቀለም ቀቡትና አስፈሪ ሆነ። ኦረን ፔሊ ደግሞ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ»ን ሳንዲያጎ በነበረው የገዛ ቤቱ ውስጥ በ15,000 ዶላር ገደማ ቀርጾ፣ ፊልሙ ከ190 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ።

ይህን ሁሉ ማወቄ ጋሻዬ ነበር። ባለቤቴ «ምነው አንተ ሰው፣ ሌሊቱን በሙሉ?» ስትለኝ «ቸኮሌት እኮ ነው!» እላታለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻም በኋላ ወግ መያዝን ይጠሉ እንደነበር የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። እኔም አውቃለሁ። ግን ስልኩ ትራስ ላይ ነው፤ ማዳመጫው ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ ማንንም አላስቸግርም። ፈጅር ሲያመልጠኝ ደግሞ የሥራ ድካም ነው እላለሁ። ነፍስ ሰበብ አታጣም።

ለካ ልጄ እንቅልፍ ሲያጣት ከጀርባዬ እየመጣች ትቆም ኖሯል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ባለፈው ዓመት እናቴ ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላትና። ይህችን ልጅ ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ነበረች። አንድ ምንጣፍ ላይ ይሰግዱ ነበር፤ የምታውቀውን ሱራ ሁሉ ያስቀራቻት እሷ ናት። ሴቶቹ ጀናዛዋን አጥበው ከከፈኑ በኋላ፣ ፊቷ ሳይሸፈን ቤተሰቡ እንዲሰናበታት ጠሩን። ልጄን እጇን ይዤ ወደ ክፍሉ ስወስዳት በሩ ላይ ቀጥ አለች። ጎተት ባደርጋት ጮኸች። ሐዘን መስሎኝ አቀፍኳት።

«እማማ ትነሳና ትነክሰኛለች» አለችኝ በጆሮዬ።

ወገኖቼ! በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ለእኔ ቸኮሌት የነበረው ለልጄ አያቷ ሆነባት። በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔ በስተቀር ጩኸቷ ምን እንደሆነ የተረዳ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ «ምስኪን፣ ፍቅሯ ነው» ይሉ ነበር። እኔም «አዎ» አልኩ። ጀናዛው ወጣ። ኮልፌ ቀበርናት። ልጄ አልተሰናበተቻትም፤ ያ ሰዓት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ከቀናት በኋላ ነገሩን ለአንድ አረጋዊ ኡስታዝ አጫወትኩት። «ሐራም ነው» ወይም «ሐላል ነው» እንዲለኝ ነበር የጠበቅሁት፤ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለት አንዱን ብሎኝ በተገላገልኩ ብዬ ነበር። እሱ ግን የዑስማንን (ረ.ዐ.) ታሪክ አነሳልኝ። ዑስማን ቀብር አጠገብ ሲቆሙ ጺማቸው እስኪርስ ያለቅሱ ነበር። ጀነትና ጀሀነም ሲወሳ የማያለቅሱት ሰው ለቀብር ለምን እንደሚያለቅሱ ሲጠየቁ፣ ቀብር የአኺራ የመጀመሪያው ማረፊያ መሆኑንና ከእሱ የበለጠ አስፈሪ ትዕይንት እንደሌለ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ።

«አንተስ» አለኝ ኡስታዙ፣ «እናትህን አፈር ስታለብስ ምን አሰብክ?»

ዋሸሁት። ያሰብኩት ግን ይህን ነበር፦ አካፋው ድንጋይ ሲነካ የወጣውን ድምፅ ሰምቼ፣ ፊልሞቹ ውስጥ ድምፁ ይበልጥ ያምር እንደነበር። የገዛ እናቴ ቀብር ላይ ቆሜ! አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው፣ ስንት መቶ የውሸት መቃብር አይቼ ለእውነተኛው የሚሆን እንባ አጣሁ። የፊልሙ ፍርሃት ደስ የሚለው ማጥፊያው በእጄ ስለሆነ ነው፤ ሲበዛብኝ አቆመዋለሁ፣ ውኃ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በለመድኩት ፍርሃት ነበር ኮልፌ የሄድኩት።

ፊልሞቹን ከስልኬ ሰረዝኩ። ተውኩ ብል ግን እዋሻለሁ፤ ባለፈው ወር አንዱን ጀምሬ እኩል አይቼዋለሁ፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ልጄ ከኋላዬ እንዳትቆም።

አሁን ማታ ማታ አስተኛታለሁ። የአቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) ታሪክ ነገርኳት፦ የዘካውን እህል ሲጠብቁ ሌሊት እየመጣ የሚሰርቀውን ሰው ሁለት ጊዜ ይዘው ለቀቁት፤ በሦስተኛው ሲያዝ ከመተኛት በፊት አያተል ኩርሲን መቅራት እንደሚጠብቃቸው ነገራቸውና ለቀቁት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሌባው ሸይጧን እንደነበር፣ ውሸታም ቢሆንም ይህን ግን እውነት እንደተናገረ ገለጹላቸው። እንዳይፈራት ሰግቼ ነበር። እሷ ግን ተነስታ ተቀመጠች።

«መጀመሪያ ለምን ለቀቁት?»

«ድሃ ነኝ፣ ልጆች አሉኝ ብሎ ስለለመናቸው አዘኑለት።»

«ሸይጧኑ ተይዞ ለመነ?» ብላ ሳቀች። በየማታው እንድደግምላት ትጠይቀኛለች።

የእናቴን ክፍል እስካሁን አትገባም ነበር። ባለፈው ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ሙሰብሓዋን ፈልጋ ነው።

«አባዬ፣ አንተ ቀድመህ ግባና መብራቱን አብራ» አለችኝ።

ገብቼ አበራሁት። የስግደት ምንጣፏ እናቴ እንዳጠፈችው ተቀምጧል። ልጄ ጣቷን በሩ መቃን ላይ አድርጋ አልጋውን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አንድ እግሯን አስገባች።