የድንጋይ እንቢታ

ላሊበላ ላይ ከቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ይህን ማን ሠራው ማለቱ አይቀርም። የአገሩ ሰው መልስ አለው፤ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት እየተተካኩ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ፈለፈሉት ይላል። የሥነ ምድር ባለሙያም የራሱ መልስ አለው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ እየፈለቀ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት በላይ በላዩ እየተነጠፈ ደጋውን ሠራ። ከንጣፉ አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋ በሳስቶት ቀረና ለመሮ የሚበገር ሆነ።

ዛሬ ዛሬ የተማረ ሰው ሁለተኛውን መልስ ሰምቶ ጥያቄው ተፈታ ይላል። እኔ አልተፈታም ባይ ነኝ። የዚያው ዘመን የእሳተ ገሞራ ዐለት ጎጃምም ስሜንም ሸዋም ሞልቷል። ጥቂት ቦታዎች ሲቀሩ አብዛኛው ገደል መሮ ሳያርፍበት አለ። ዐለት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ ላሊበላ በሆነ ነበር።

የአክሱም ሐውልቶች ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ድንጋያቸው ከከተማው በስተምዕራብ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ጎቦ ድራ የተቆረጠ ኔፌሊን ሳይናይት የሚባል ጠንካራ ዐለት ነው። ለሽብልቅ በመስመር የተበሱት ጉድጓዶች ዛሬም እዚያው ይታያሉ፤ ሠራተኛው ምሳ ሊበላ ዞር ያለ ይመስላል። እንዲህ ካለ ዐለት የሚጠበቀው ለስላሳና ድፍን ዓምድ ነበር። አክሱሞች ግን በር ከነመዝጊያው፣ መስኮት፣ ከግድግዳ ብቅ የሚሉ የእንጨት ወራጆችን ጫፍ፣ ማለትም «የዝንጀሮ ራስ» የሚባለውን ቀረጹበት። ድንጋዩ ከእንጨትና ከድንጋይ በጭቃ የተገነባ ሕንፃን መልክ ተሸከመ። ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ያው መልክ ላሊበላ ደረሰና ቤተ አማኑኤል ግድግዳ ላይ፣ በፍጹም ሌላ ዐይነት ዐለት ውስጥ፣ እንደገና ወጣ። ቅርጹ ከቁሳቁሱ ተላቆ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ የድንጋይ ድርሻ ምንድን ነው? መከልከል ይመስለኛል። 33 ሜትር ርዝመትና 520 ቶን ያህል ክብደት እንዳለው የሚገመተው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ተሰባብሮ ተኝቷል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ገና ሲያቆሙት እንደወደቀ ያምናሉ። መሬት ውስጥ ሊገባ የታሰበው ክፍሉ ለቁመቱ አጭር ነበር። ዐለቱ ያን ሁሉ ርዝመት ሳይሰነጠቅ ሰጥቶ፣ መቆሙን ግን እንቢ አለ።

ላሊበላ ላይ ክልከላው ሌላ ነው። ግንበኛ ቢሳሳት አፍርሶ ይደግማል። ፈልፋይ የቆረጠውን መመለስ አይችልም፤ ሥራውም ከጣሪያ ተነሥቶ ወደ መሠረት ይወርዳል። ዓምዱ ገና ከአካባቢው ዐለት ሳይለይ፣ እዚህ ጋ ዓምድ አለ ብሎ ሳይነኩት ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሕንፃው አንዲት ጠጠር ሳትነሣ በፊት በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሙሉ ሆኖ መቆም ነበረበት። የመላእክቱ ትረካ ይህን የሚያህል ነገር ለማስረዳት የተነገረ ከሆነ፣ የተጋነነ አይመስለኝም።

አንድ ሐሳበ ግትር አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊያስቆመኝ ይገባል። ድንጋይ አፍ የለው፣ ፈቃድ የለው፤ እንዴት እንቢ ይላል? እውነት ነው፤ እንቢታው የሚሰማው ለጠየቀ ብቻ ነው። ማንም 33 ሜትር ሳይጠይቀው በፊት የጎቦ ድራ ዐለት ወሰን አልነበረውም። በአረፋ የተበሳሳ ዐለትም ለተለያየ ጠያቂ የተለያየ መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ጥቁር ድንጋይ እናቶቻችን ለወፍጮ የሚመርጡት ነው፤ እህሉን የሚይዘውና የሚሰብረው የቀዳዳው ጠርዝ ነውና። መጁ ሲመላለስበት ከርሞ ሲልግ እህሉ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ያኔ ፈጪዋ ጠንከር ያለ ድንጋይ ይዛ ፊቱን ትወቅረዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዱቄት ደቃቅ ድንጋይ የተቀላቀለበት ነው። ለእሷ ቀዳዳ ሀብት ነው። ለላሊበላ ግድግዳ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚጠጣበት አፍ ነው። ቀዳዳው በሁለቱም ቦታ ያው ቀዳዳ ነው፤ ጥቅምና ጉዳቱን የለየው የተጠየቀው ነገር ነው።

ይህን አለማስተዋል ምን እንደሚያስከትል ላሊበላ ራሱ ይመሰክራል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ገደማ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ሬንጅ ተቀቡ። ሬንጅ ከላይ የሚወርደውን ይመክታል፤ ዐለቱ ውስጥ የገባውን እርጥበት ግን አፍኖ ያስቀራል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገና ቅቡን ሲያራግፍ ከረመ። ቀቢዎቹ ሰነፎች አልነበሩም። ዐለቱን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያፈስሳል ወይስ አያፈስስም ብለው ጠየቁት እንጂ፣ ይተነፍሳል ወይ ብለው አልጠየቁትም። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎችም ሌላ ጥያቄ ናቸው። ዝናቡን ከለሉ፤ የአካባቢው ሰው ግን ክብደታቸውንና በነፋስ መወዛወዛቸውን እያየ ይሰጋል። ለመጠለያዎቹ የሚሰጠውን መልስ ዐለቱ ገና አልጨረሰም።