ገመዱን ማን አየው?

 

አደጋ በደረሰ ቁጥር «የአላህ ቀደር ነው» እንላለን። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን የምንለው ያዘነን ለማጽናናት ነው ወይስ የራሳችንን ጥፋት ለመሸፈን?

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ይፋግ ውስጥ፣ በኢድ ቀን ከሾላ ዛፍ ላይ ዥዋዥዌ ሰቀልን። ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። አንዱ ጫፍ መበላቱን አይቻለሁ፤ ግን ሌላ ለማምጣት ቤት መመለሱ ታከተኝና «ቢስሚላህ» ብዬ አሰርኩት። ከእኛ የሚያንስ ልጅ ወጣበት፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ የልጁ ክንድ ተሰበረ። ጎረቤቱ ሁሉ «ቀደር ነው» ሲል እኔም አብሬ አልኩ። ያቀሩኝ ሸኽ ግን «ገመዱን ማን አየው?» ብለው ጠየቁ። ዝም አልኩ።

እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር፣ አልተን ታወርስ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ፣ ስማይለር በሚሉት በሐዲድ ላይ እየተገለባበጠ በሚከንፍ መጫወቻ 16 ሰዎች ተሳፍረው ነበር። ከፊት ባዶ ፉርጎ ስለቆመ ኮምፒዩተሩ ጉዞውን አገደ። ሠራተኞቹ ባዶውን አላዩም፤ መሣሪያው የተሳሳተ መስሏቸው እገዳውን አንስተው ለቀቁት። ተጋጨ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እግራቸውን አጡ። በ2016 ፍርድ ቤቱ ባለቤቱን ኩባንያ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችም ጥፋቱ የሠራተኞቹ ሳይሆን ደህና አሠራር ያላበጀላቸው ኩባንያ መሆኑን ገለጹ።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ አፈርኩ። እነርሱ አላዩም ነበር፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት ማዘዛቸውን ሁላችንም ተምረናል። ቀደር ከሆነው በኋላ ልብ የሚያርፍበት ነው፤ ከመሆኑ በፊት ግን በእጃችን ያለው አማና ነው። «ቢስሚላህ» ማለት ገመድ መመርመርን አያስቀርም።

ዛሬ በአገራችንም፣ በ2013 ዓ.ም. እንደተከፈተው እንጦጦ ፓርክ፣ በገመድ ላይ መንሸራተቻ ያላቸው ሥፍራዎች አሉ። ወላጆች ሆይ! ልጅዎን ሲያሳፍሩ ቀበቶው መታሰሩን ይዩ። የቁመት ልክ አልደረሰም ሲባሉ «ዛሬ ኢድ ነው፣ እለፉን» ብለው አይከራከሩ። መሣሪያው ዛሬ መፈተሹን ይጠይቁ፤ መጠየቅ የኢማን ጉድለት አይደለም።

ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ካቻምና አግኝቼው እውነቱን ነግሬ ዐፍው እንዲለኝ ለመንኩት። ፈገግ ብሎ፣ «ገመዱን እኔም አይቼው ነበር። ግን አንተ ትልቅ ነበርክ፤ አመንኩህ» አለኝ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የሚታመኑብን ሰዎች ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።