በሰው እጅ ስለ ተሠራ ላንቃና ስለ ቅዱስ ቍርባን

ከሰመራ ተነሥተን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፥ በአዋሽ ሰባት ባደርንበት ምሽት አንድ በዕድሜ የገፉ ምእመን ቀርበው፦ «አባቴ፥ በአፌ ያለው ላንቃ ሐኪም የሠራው ነው። እንዲህ ሆኜ ሥጋ ወደሙ ልቀበል ይገባኛልን?» ሲሉ ጠየቁን።

የእኒህ ሽማግሌ የላይኛው መንጋጋ ካንሰር በሚባለው ደዌ ተይዞ ከነላንቃው ተቈርጦ ወጥቷል። ላንቃ በአፍና በአፍንጫ መካከል ያለ ጣራ ነውና፥ እርሱ ሲነሣ የተጠጣው ውኃ በአፍንጫ ይፈስሳል፤ ቃልም ለሰሚ አይለይም። ስለዚህ ክቡር ደሙ እንዳይፈስስ ፈርተው ከቍርባን ርቀው ኖሩ። ፍርሃታቸውን አልነቀፍንም፤ ከአክብሮት የመጣ ነበርና።

የጥርስ ሐኪሞች የአፉን ቅርጽ ወስደው ከአክሪሊክ የሚወልቅ መክደኛ ይሠራሉ፤ ቍስሉ እስኪጠግግ ጊዜያዊው ይደረግና ከወራት በኋላ ዋናው ይተካል። አፍንጫ ወይም ጆሮ ለጠፋበትም ከሲሊኮን የቆዳውን ቀለም አስመስለው ሠርተው በማጣበቂያ፥ በመነጽር ወይም በአጥንት በተተከለ ቲታኒየም ያጸኑታል። (ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሰመራ ቆላ ላብ ማጣበቂያውን፥ ፀሐይም ቀለሙን ማስቸገራቸው አይቀርም።) ጥበቡ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዓመት ስለ ላንቃ መክደኛ ጽፏል። በሀገራችን ግን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ስለ ነበር፥ የሰመራ ሕመምተኛ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መጓዝ ነበረበት።

አንዳንዶች «ያልተፈጠረለትን ገጽ ለብሶ ወደ መቅደስ መግባት ማታለል ነው» ይላሉ። በእንጨት እግር የሚሄደውን አንካሳ አታላይ ያለው ማን ነው? ሌሎችም ኦሪት ዘሌዋውያንን ይጠቅሳሉ፤ በእርግጥም በምዕራፍ 21 ነውር ያለበት የአሮን ዘር ወደ መሠዊያው እንዳይቀርብ ተከልክሏል። ነገር ግን ጠቃሾቹ ጥቂት ዝቅ ብለው ቢያነብቡ፥ ያው ሕግ ያንኑ ሰው ከቅዱሱ መብል እንዲበላ እንደ ፈቀደለት ባገኙ ነበር። ከአገልግሎት መከልከልና ከማዕድ መከልከል አንድ አይደሉም። የሐዋርያት ቀኖናም ዓይኑ የጠፋ ሰው የሚገባው ከሆነ ለጵጵስና እንኳ እንዳይከለከል፥ የሚያረክሰውም የሥጋ ጕድለት ሳይሆን የነፍስ እድፍ እንደ ሆነ ይናገራል።

አንድ ወንድማችን ካህን «መክደኛውን አውልቀው ይቀበሉ» አለን። አልተስማማንም፤ ቢያወልቁት የሚፈራው መፍሰስ ይደርሳልና፥ መክደኛው ለደሙ ጠባቂ እንጂ እንቅፋት አይደለም። በመክደኛውና በድዱ መካከል ፍርፋሪ ይቀራል የሚለው ስጋት ግን እውነተኛ ነው። ስለዚህ ከተቀበሉ በኋላ የቅዳሴውን ጠበል ደጋግመው ይጠጡ፤ ከዚያም ካህኑ ባለበት መክደኛውን በጽዋ ውስጥ አጥበው ያንኑ ውኃ ይጠጡት። ደሙን በዕርፈ መስቀል የሚያቀብለው ዲያቆንም አስቀድሞ ይነገረው፥ በጥቂት በጥቂቱ ያቀብል ዘንድ።

ይህንኑ ለነፍስ አባታቸው ጽፈን ላክን፤ ውሳኔው የእርሳቸው ነው።