የክኒኑ ስጦታና የአምባሰል ውኃ

በጎ አድራጊ፣ ኩባንያና መንግሥት ተባብረው የዓለምን ችግር ሊፈቱ ይችላሉን የሚለው ጥያቄ በአማራ ክልል በትራኮማ ላይ በተደረገው ዘመቻ በሚገባ ሊፈተን ይችላል። ትራኮማ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ከሕፃን ወደ ሕፃን የሚተላለፍ በሽታ ሲሆን፣ ደጋግሞ ሲይዝ በዐይን ቆብ ውስጥ ጠባሳ ይፈጥርና ሽፋሽፍትን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ ዐይንን እያስፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። መድኃኒት አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤድና ማክኮኔል ክላርክ ፋውንዴሽን ጋር ዓለም አቀፉን የትራኮማ ኢኒሼቲቭ መሥርቶ አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በነፃ መስጠት ጀመረ፤ ካርተር ማዕከልና ላየንስ ክለብ ዕደላውን ደገፉ፤ መንግሥትም ሕዝቡን በቁመት መለኪያ ዘንግ እየለኩ ለእያንዳንዱ መጠኑን የሚሰጡ ሠራተኞችን አሰማራ። ደቡብ ወሎም ከሐይቅ ዳርቻ እስከ አምባሰል ተራሮች በዚህ ዘመቻ ተካቷል።

ፍሬው የሚካድ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ በተደረገ ጥናት፣ በየዓመቱ ዕደላ በተደረገባቸው ቦታዎች 40 በመቶ ገደማ የነበረው የሕፃናት ኢንፌክሽን በ3 ዓመት ተኩል ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል፤ ዕደላው በቆመባቸው አካባቢዎች ግን እንደገና ማንሰራራቱ ጥርጣሬን ያስነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ መሻሻል የሚሉ አራት ክፍሎች ሲኖሩት፣ ኩባንያው የሰጠው አንዱን ብቻ ነው። ክኒን ይቆጠራል፣ ይታሸጋል፣ ይላካል፤ ከአምባሰል ገደል ሥር በጀሪካን ተሸክማ የወጣችውን ውኃ ለመጠጥና ለልጇ ፊት የምታካፍል እናት የሚያስፈልጋት ግን በካርቶን ተጭኖ አይመጣም። ስለዚህ ኅብረቱ ለመስጠት የሚቀለውን መርጦ ከባዱን ትቷል ማለት ይቻላል።

ይህ ፍርድም ሳይፈተን አያልፍም፤ በዋግ ኽምራ ውኃ ወጥቶላቸው የንጽሕና ትምህርት የተሰጣቸው ማኅበረሰቦች ለ3 ዓመት ሲታዩ፣ ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ ኢንፌክሽኑ አልቀነሰላቸውም። ታዲያ ውኃ ከንቱ ነውን? አውሮፓ ከትራኮማ የተላቀቀችው በአብዛኛው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሳይኖር፣ ኑሮ ለረጅም ዘመን እየተሻሻለ በመሄዱ ስለሆነ፣ የሦስት ዓመት ጉድጓድ የትውልድን ሥራ ይተካል ብሎ መጠበቅ ስሕተት ይመስላል። እንግዲህ ጉድለቱ በስጦታው ዓይነት ሳይሆን በዘመኑ ማጠር ላይ ነው፦ ለጋሽ በፕሮጀክት ዕድሜ፣ ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት በገባው ቃል ይሠራል፤ ሕመሙ ግን በትውልድ ይቆጥራል፤ ትራኮማን እስከ እ.ኤ.አ. 2020 ከኅብረተሰብ ጤና ችግርነት ለማስወገድ የተያዘው ዓለም አቀፍ ግብ ወደ 2030 መገፋቱም ይህንኑ ያመለክታል።

በትውልድ መጠን ሊቆይ የሚችለው መንግሥት ብቻ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በደቡብ ወሎ ሐይቅንና ውጫሌን ባዳረሰ ጊዜ እርሱም ሊደርስ ያልቻለበት ወቅት መኖሩ ታይቷል። ስለዚህ ሦስቱ ወገኖች የሚፈራረሙት ሰነድ የክኒኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መንገድ ሲዘጋ ዕደላውን ማን እንደሚያስቀጥል፣ ከ10 ዓመት በኋላ የውኃ ፓምፑ ሲበላሽም መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ በስም ጠቅሶ ሊይዝ ይገባል።